ሁሌ አራተኛ እየወጣን ነው፤ ችግሩ እንግሊዝኛዬ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ቡና_ሲፈላ፦

ሰላም ለቤቱ። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የግቢያችን ክርክር ክለብ ውስጥ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ሌላ ግቢ ሄደን አምስት ዙር ተከራክረን መጣን። ሦስቱን አራተኛ፣ አንዱን ሦስተኛ፣ አንዱን ሁለተኛ። ከ15 ነጥብ 3 ይዘን። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከፓርትነሬ ጋር አልተነጋገርንም፤ እሱ መስኮቱን ያያል፣ እኔ ስልኬን።

ለማታውቁት፣ ፎርማቱ ብሪቲሽ ፓርላመንተሪ ነው። አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ሁለት ሰው። ሁለቱ ቡድን ይደግፋል፣ ሁለቱ ይቃወማል፣ ግን አራቱም እርስ በርስ ይወዳደራሉ። ሞሽኑ (የምንከራከርበት ርዕስ) ይነገርና 15 ደቂቃ ትዘጋጃላችሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሰው 7 ደቂቃ ይናገራል። አንደኛ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ ባዶ እጁን።

በጣም ያንገበገበኝ "የግል ትምህርት ቤት ይከልከል" የሚለው ዙር ነው። እኛ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ነበርን፣ እኔ ሁለተኛ ተናጋሪ። 15ቱን ደቂቃ ሙሉ ንግግሬን በእንግሊዝኛ ስጽፍ ቆየሁ። ቆሜ አነበብኩት። 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ፣ ያልኩትን መልሼ መላልሼ አልኩት፣ "በመጨረሻም" የሚለውን ብቻ ሦስት ጊዜ ብያለሁ። ሊጠይቁኝ የተነሱትን በእጄ እያመለከትኩ አስቀመጥኳቸው፣ የአንድም ሰው ጥያቄ አልተቀበልኩም። ዳኛዋ በኋላ "ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ለማንም መልስ አልሰጠሽም" አለችኝ።

እኔ ግን ችግሩ እንግሊዝኛዬ ይመስለኛል። አንደኛ የወጡት ልጆች አነጋገራቸው ራሱ ሌላ ነው፣ ሲያወሩ አፋቸው ላይ ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው። ከመጣሁ ጀምሮ ዩቲዩብ ላይ የውጭ ተከራካሪዎችን እያየሁ አክሰንታቸውን ስቀዳ ነው የማመሸው፣ የዶርም ልጆች ሰለቻቸው። ምን ላድርግ? ሐቁን ንገሩኝ፣ አትሸንግሉኝ።

ዊፕ_ነኝ፦

እሺ፣ አልሸነግልሽም። መጀመሪያ ነገር አርዕስትሽ ላይ "ሁሌ" ብለሻል፣ አንዱን ዙር ሁለተኛ ወጥተሻል። እንዲህ ክርክር ላይ ብትናገሪ የሚቀጥለው ሰው በዚህችው ይይዝሻል።

አራት ዓመት ተከራክሬያለሁ፣ አሁን ዳኛ ነኝ። ዳኛዋ ትክክለኛውን ነገር ነግራሻለች፣ አንቺ ግን አልሰማሽም። ያችው ክርክሩ ላይ የሠራሽው ስህተት ነች፣ እዚህም ደገምሽው። "መልስ አልሰጠሽም" ተብለሽ "እንግሊዝኛዬ ነው" ትያለሽ። ከየት መጣ እንግሊዝኛ?

አስቢው እስቲ። ከቡድንሽ ሁለተኛ ብትሆኚም ደጋፊና ተቃዋሚ እየተፈራረቁ ስለሚናገሩ በዙሩ አንቺ አራተኛ ተናጋሪ ነሽ። ካንቺ በፊት ሦስት ሰው 21 ደቂቃ አውርቷል። አንቺ ደግሞ ንግግርሽን የጻፍሽው እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው። ለማን ልትመልሺ ነበር?

ከነገ ጀምሮ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መጻፍ አቁሚ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት በቁመቱ ሳይሆን በጎኑ አስቀምጪው። አምስት ቦታ እጠፊው። ከፊትሽ ለሚናገር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አምድ፣ የቀሩት ያንቺ። ሰማያዊ እስክሪብቶ እነሱ ላሉት፣ ቀይ አንቺ ለምትመልሺው። ሰውየው ሲናገር ቃል በቃል አትገልብጪ፣ ሐሳቡን በአራት አምስት ቃል ያዢው፣ በአማርኛም ይሁን። ቀዩ ባዶ የሆነበት ቦታ ያልመለስሽው ነው። ተነስተሽ የምትናገሪው ከቀዩ ነው። 7 ደቂቃ እንዴት እንደሚሞላ ያን ጊዜ ይገባሻል፣ እንዲያውም ያጥርሻል።

አክሰንቱን ተይው። ዶርም ውስጥ ያሉትን ልጆችም እረፍት ስጫቸው።

ሰባት_ደቂቃ፦

ዊፕ ያልከው ልክ ነው ግን ትንሽ ጨከንክ። ቋንቋ ምንም አይደለም ማለት የሚቀናው እንግሊዝኛ ላልቸገረው ሰው ነው። እኔ የተማርኩት የወረዳ ከተማ ነው፣ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ራሱ በአማርኛ ነበር የሚያልፈው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መጀመሪያ የተከራከርኩ ቀን ያሰብኩት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር፣ አፌ ላይ ሲደርስ ግን ግማሹ የለም። የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ራሱ ይህን ያውቃል፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑና እንደ ባዕድ ቋንቋ ለተማሩት ለብቻ የሚያልፉበት መደብ አለው። ዳኞችም በአክሰንት ነጥብ እንዳይቀንሱ ይነገራቸዋል። መደቡ የተሠራው ችግሩ ስላለ ነው።

ስለዚህ ለኔ የሠራልኝን ልንገርሽ። የመዘጋጃዋን 15 ደቂቃ በአማርኛ አድርጓት። ከልቤ ነው። መጀመሪያ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ ለሁለት ደቂቃ ያህል በየግላችሁ አስቡ፣ ከዚያ በአማርኛ ተጨቃጨቁ። ለጓደኛሽ ቡና እየጠጣሽ ብታስረጂው እንዴት ትይው ነበር? እንደዚያ በይው። ሐሳቡ ከጠራ በኋላ በእንግሊዝኛ የምትጽፊው ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ የእያንዳንዱን ነጥብ መክፈቻ። ሌላው ቆመሽ በራስሽ ቃል ይወጣል። አጭር ይሁን። "ቢካዝ" ብለሽ የጀመርሽውን ዐረፍተ ነገር ሌላ "ቢካዝ" ሳይመጣ ዝጊው።

ሌላው ስልክሽ ነው። የራስሽን 7 ደቂቃ ቅጂና ስሚው። ያማል፣ አውቃለሁ። እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት "አይ ሚን" የሚለውን ቆጠርኩ፣ 34 ላይ ስደርስ አጠፋሁት። ከዚያ ያንኑ ንግግር ወዲያው ደግመሽ ተናገሪው፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ እንደገና። ወደ አዲስ ሞሽን መሮጥ አያስፈልግም። አንዱን ሞሽን አራቴ ስትናገሪው አራተኛው ላይ አፍሽ ራሱ መንገዱን ያገኘዋል።

ደግሞ የዓለም ሻምፒዮና የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 ግላስጎው ተጀመረ፣ ከዚያ ግን አፍሪካ ውስጥ ስቴለንቦሽ በ2003፣ ጋቦሮኔ በ2011፣ ኬፕታውን በ2019 አስተናግደዋል።

የድሮ_ሰው፦

ልጆች፣ ጣልቃ መግባቴን ይቅር በሉኝ። እኔ ይህን ፓርላመንተሪ የምትሉትን አላውቀውም። በኛ ጊዜ ክርክር "ብዕር ይበልጣል ጎራዴ?"፣ "ከተማ ይሻላል ገጠር?" ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፈን እንሰማለን፣ ያሸነፈው ጭብጨባ የበዛለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለጎራዴ ቆሜ ተሸንፌያለሁ፣ ብዕር የያዘው ልጅ የመምህሩ ልጅ ነበር።

ግን አንዷን ነገር ሳነብ የአያቶቻችን ሙግት ትዝ አለኝ። በላ ልበልሃ ሲባል ሰምታችኋል? ተሟጋቹ አደግድጎ ዳኛው ፊት ይቆማል፣ ነገሩን በግጥም በተረት እያዋዛ ያቀርባል። "ተጠየቅ!" ይለዋል ባላጋራውን። ተጠየቅ የተባለ ሰው የፈለገውን ተናግሮ አይቀመጥም፣ ለተጠየቀው ነው የሚመልሰው። ነገሩን ስቶ ወዲያ ወዲህ ቢል ዳኛውም ታዳሚውም ያውቁበታል። ውርርድም ነበረበት፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ ማር ያስይዛሉ፤ እሰጥ አገባ የምትሏት ቃል የዚያ ቅሪት ነች። እናንተ በ3 ነጥብ ነው የምትከራከሩት፣ በቅሎ ብትወራረዱ ኖሮ አጥብቃችሁ ትሰሙ ነበር።

ዊፕ_ነኝ፦

ጋሼ፣ በቅሎዋን የሚያስይዝ ተማሪ ካገኙ እኔ ዳኛ እሆናለሁ 😂 ግን "ተጠየቅ" ያሏት ነገር በጣም ልክ ነች። በኛ ፎርማት ተናጋሪው እየተናገረ ተቃራኒው ተነስቶ አጭር ጥያቄ ያቀርባል፣ ፒኦአይ እንለዋለን። የመጀመሪያው ደቂቃና የመጨረሻው ደቂቃ ላይ አይፈቀድም፣ መካከሉ ላይ ይቻላል። ቡና_ሲፈላ አንድም አለመቀበልሽ ዳኛ ፊት "ተጠየቂ" ተብለሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትሽ ነው። ቢያንስ አንድ ተቀበይ። የምትቀበዪበትን ጊዜ ግን የምትመርጪው አንቺ ነሽ፣ አንዱን ነጥብ ጨርሰሽ ወደ ሌላው ልትሻገሪ ስትዪ። ዐረፍተ ነገር መሀል ላይ ከተቀበልሽ ነገሩ ይጠፋብሻል።

ዝምተኛዋ፦

ስለ ፒኦአይ እኔም ልጨምር። መጠየቅም መጠየቅም (ሁለቱም ማለቴ ነው፣ አጥብቃችሁና አላልታችሁ አንብቡት) ልምምድ ነው። እኛ ክለብ ውስጥ አንድ ጨዋታ አለን፦ አንዷ ትቆማለች፣ ስለፈለገችው ነገር ሦስት ደቂቃ ታወራለች፣ ሌሎቻችን በየ15 ሰከንዱ እንነሳባታለን። ሁለት ትቀበላለች፣ ሌላውን ሳትደናገጥ ታስቀምጣለች። የመጀመሪያ ሳምንት ሁለት ልጆች አልቅሰዋል። አሁን ማንም ቢነሳባቸው ግድም አይሰጣቸው።

ጠያቂ ስትሆኚ ደግሞ ጥያቄሽ ከ15 ሰከንድ አይለፍ፣ ሰውየው ካለው ነገር ጋር የሚላተም ይሁን። "የድሃው ልጅስ?" ብሎ መጠየቅ ምንም አይጎዳውም። "የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ክፍል ዛሬ 60 ተማሪ ከያዘ በመስከረም ከግል የሚጨመሩት የት ይቀመጣሉ?" ይጎዳዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ስላላነሳው። እኔ አንድ ውድድር ላይ ዳኛው "ቁጡ ትመስያለሽ፣ ረጋ በይ" አለኝ። ከኔ በፊት የተናገረው ልጅ ጠረጴዛ እየደበደበ ነበር፣ እሱን "ግለት አለህ" ነው ያለው። ሁላችንም ተያየን። ስለዚህ ቡና፣ ስለ ድምፅሽ የሚነገርሽን ሁሉ እንደ ወንጌል አትውሰጂው። "ለማንም መልስ አልሰጠሽም" ግን ስለ ድምፅ አይደለም፣ እሱን ውሰጂው።

አባት_ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ልጆች፣ ከሩቅ አገር ነኝ። እዚህ ልጄ ሃይስኩል ሆና ፐብሊክ ፎረም የሚሉት ክርክር ውስጥ አለች። ሁለት ለሁለት ነው፣ ሳንቲም ተወርውሮ ወገን ይመረጣል፣ መጀመሪያ አራት አራት ደቂቃ ይናገራሉ፣ ከዚያ ክሮስፋየር ብለው ፊት ለፊት ይጠያየቃሉ። ትምህርት ቤቱ ተከራካሪ ልጅ ያለው ወላጅ ዳኛ ይሁን ስለሚል ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም ዳኛ ሆኜ ቁጭ እላለሁ። የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ነኝ እንጂ የክርክር ሰው አይደለሁም። ልጄ ከመግባቴ በፊት "አባዬ፣ ግንባርህን አትቋጥር፣ ልጆቹ ይፈራሉ" ብላ ታስጠነቅቀኛለች።

ከወንበሩ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዳንድ ልጆች በጣም ይፈጥናሉ። ፖሊሲ የሚባለው ሌላው ፎርማት ላይ እንዲያውም በደቂቃ ከ300 ቃል በላይ የሚያወርዱ አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሲስቡ ከውኃ ውስጥ የወጡ ነው የሚመስሉት። የለመደ ዳኛ ይከተላቸው ይሆናል። እኔ ግን እስክሪብቶዬ ይቆማል። ወረቀቴ ላይ ያላረፈ ነገር ለኔ አልተባለም። ባለፈው ጥር አንዲት ልጅ እንግሊዝኛዋ ከኔ ብዙም አይሻልም፣ ቀስ ብላ "እነሱ ይህን አሉ፣ ይህ እውነት ቢሆን እንኳን የኛ ይበልጣል፣ ምክንያቱም" ብላ ቆም አለች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መጻፌን እስክጨርስ ጠበቀችኝ! ከዚያ ምክንያቱን ተናገረች። ለሷ ነው የሰጠሁት፣ ሳይከብደኝም ነው የሰጠሁት።

ቡና_ሲፈላ፦

እሺ አምኛለሁ። ግን "ይበልጣል" የምትሉትን ነገር በቃል ሲነገረኝ ይገባኛል፣ ስቆም ይጠፋኛል። ወረቀቴን አውጥቼ አየሁት፣ እንዲህ ነበር ያልኩት፦ አንድ፣ ወላጅ የመምረጥ መብት አለው። ሁለት፣ የግል ትምህርት ቤት ጥራት አለው። ሦስት፣ መምህራን ሥራ ያጣሉ። በቃ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ዋናው ነጥባቸው "ሀብታምና ባለሥልጣን ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያስገባ ዝም ብሎ አያይም፣ ትምህርት ቤቱ እንዲስተካከል ይጮኻል፣ የድሃው ልጅም አብሮ ይጠቀማል" የሚል ነበር። አሁን ሳየው ይህን አልነካሁትም። አንድ ቃል አላልኩም።

ዊፕ_ነኝ፦

አየሽው? እሷ ነች ክርክሩ። አንቺ ያልሻቸው ሦስቱም ውሸት አይደሉም፣ ግን እነሱ ሦስቱንም ቢቀበሉልሽ አሁንም ያሸንፋሉ። "አዎ መብት ነው፣ ግን የሚሊዮን ልጅ ትምህርት ይበልጣል" ይሉሻል፣ ቁጭ ትያለሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ እሄዳለሁ። መጀመሪያ የነሱን ነጥብ እነሱ ካሉት አሳምሬ እናገራለሁ፣ ዳኛው "ይህች ሰምታለች" እንዲል። ከዚያ፦ ባለሥልጣኑ ልጁን ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባል? አያስገባም። ደህና ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ቤት ይከራያል፣ ማታ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ካልሆነም ልጁን ውጭ ይልካል። ስለዚህ ያ ጩኸት የሚባለው ነገር የሚያርፈው ሁለት ሦስት ትምህርት ቤት ላይ ነው። ከግል ትምህርት ቤት በሚመጡት ልጆች የሚፈጠረው መጨናነቅ ግን ሁሉም ላይ ነው።

እዚህ ላይ አትቁሚ፣ ብዙ ሰው እዚህ ይቆማል። "እሺ፣ ጩኸቱ ሠራ እንበል" በይ። መቼ ይሠራል? በጀት እስኪመደብ፣ ክፍል እስኪሠራ፣ መምህር እስኪቀጠር ዓመታት ነው። መጨናነቁ የሚጀምረው ግን በመጀመሪያው መስከረም ነው። ያን ዓመት አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ ማንበብ የምትለምደው ያን ዓመት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ሲስተካከል እሷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። አሁን ዳኛው ሁለት ነገር አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ ማየት ይችላል፦ ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ዘግይቶ የሚመጣ ጥቅም፣ ለሁሉም ወዲያው የሚመጣ ጉዳት። ይበልጣል የምንለው ይህን ነው። ክብደት የሚለካው በስንት ሰው፣ በምን ያህል፣ መቼ፣ የመሆን ዕድሉስ እያልሽ ነው እንጂ "በጣም በጣም አስፈላጊ" በማለት አይደለም።

መምህራኑን ጣያቸው። እውነት ነው ግን ሰዓትሽን ይበላል።

ሰባት_ደቂቃ፦

ጥሩ ነው። ደግሞ የኋለኛው ተቃዋሚ (ሁለተኛው የተቃዋሚ ቡድን) ብትሆኑ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ይህን ሁሉ ቀድመው ይሉባችሁ ነበር፣ እናንተ አዲስ ነገር ማምጣት አለባችሁ። እኔ የግል ትምህርት ቤት የሀብታም ነው የሚለውን ራሱን እነካ ነበር። እንጀራ ሸጣ፣ ዕቁብ ጥላ ልጇን ሰፈር ውስጥ ያለች ቆርቆሮ ጣሪያ የግል ትምህርት ቤት የምታስተምር እናት አለች። ክልከላው ባለሥልጣኑን አይነካውም፣ የሚነካው እሷን ነው። ማንም ያላያትን ሰው ክፍሉ ውስጥ ስታስገቢ ዳኛ ቀና ይላል። የመጨረሻው ተናጋሪ ዊፕ ግን አዲስ ነጥብ አያመጣም፣ እሱ ያለውን ሰብስቦ ማን የት እንዳሸነፈ ነው የሚያሳየው።

ዝምተኛዋ፦

ቡና፣ ከፓርትነርሽ ጋር ግን ታርቃችኋል?

ቡና_ሲፈላ፦

😅 ታርቀናል። እሱ ፈጥነሽ ተናገሪ ይለኝ ነበር፣ የቨርጂኒያውን አባት ጽሑፍ አሳየሁትና ዝም አለ። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ካፌው ጀርባ ላይ ሆነን በአማርኛ እንጨቃጨቃለን፣ አስተናጋጁ ፍቅረኛሞች የተጣላን መስሎት ሊገላግለን መጥቶ ነበር።

ቡና_ሲፈላ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦

ሪፖርት። ትናንት የክለባችን የውስጥ ውድድር ነበር፣ አራት ዙር። አንድ አንደኛ፣ ሁለት ሁለተኛ፣ አንድ አራተኛ። ከ12 ነጥብ 7። መሀል ያሉትን ዙሮች ውጤት ሲነግሩን የመጨረሻውን ግን ደብቀውት ነበር፣ ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ እንደሚያደርጉት፣ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

አራተኛ የወጣንበት ስለ ማዕከላዊ ባንክ ነፃነት ነበር። እኔ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆኜ! የማውቀውን ሁሉ ልናገር ብዬ ለነሱ የምመልስበትን ቦታ ባዶ ተውኩት። ወረቀቱ እዚህ አጠገቤ ነው፣ ሰማያዊው ሞልቷል፣ ቀይ የለበትም።

አንደኛ በወጣንበት ላይ ግን አንዱ ልጅ ተነሳብኝ፣ "እሺ፣ ጠይቅ" አልኩት። ጠየቀ። የሚመለስልኝ አልመሰለኝም ነበር፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወረቀቴን ሳይ መልሱ በቀይ ተጽፏል፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ራሴ ጽፌው ረስቼዋለሁ። አነበብኩለት። እንግሊዝኛው ተሰባብሮ ነው የወጣው። ልጁ ግን ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ።

የድሮ_ሰው፦

ጎሽ! ማሩን ተቀብያለሁ በይ።

ዊፕ_ነኝ፦

የባንኩን ወረቀት ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ ነገ አብረን እናየዋለን።